ያላበጠው እንቅርቴ

ስሜ ጌታነህ ነው። ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት፣ ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት፣ ቤቴ አረንጓዴው የባቡር መስመር የሚያልቅበት ሄሰልቢ። ስቶክሆልም ከገባሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ይህን የምጽፈው በቤተ ክርስቲያናችንም ሆነ በዴፖአችን "ደከመኝ" ማለት የሚያፍሩ ብዙ ወንዶች ስለማውቅ ነው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። አሁን ደህና ስለሆንኩ ሳላፍር እናገራለሁ።

ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው የጀመረኝ። መጀመሪያ የመጣው ብርድ እንጂ ድካም አልነበረም። ከሥራ ገብቼ ጃኬቴን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ እቀመጣለሁ። ኤለመንቱን፣ የቤቱን ማሞቂያ ማለቴ ነው፣ እስከ መጨረሻው አዞረዋለሁ። ልጄ ሶስና ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ መስኮቱን ብርግድ ታደርገዋለች። እኔ እዘጋለሁ፣ እሷ ትከፍታለች። "ፓፓ፣ እዚህ ቤት እኮ ሰው ሊቀቀል ነው!" ትለኛለች በስዊድንኛ። አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በስዊድንኛ ነው።

ድካሙ ቀጥሎ መጣ። ከሥራ በኋላ የሚሰማውን ድካም አውቀዋለሁ፤ እሱ ሲተኙ ይለቃል። ይኼኛው ግን ተኝቼ ስነሣ ይብስ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አንዱን ካልሲ አጠልቅና ሌላውን በእጄ እንደያዝኩ እቀራለሁ። ባለቤቴ ወይንሸት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስለምትሠራ እንደ እኔው ማለዳ ነው የምትነሣው። በሩ ላይ ቆማ "ዛሬም ካልሲው አስቸገረህ?" ትለኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ እየሳቀች ነበር የምትለው።

አንድ ቅዳሜ የሕንፃችን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ትቬትስቱጋ የምንለው፣ ተራችን ነበርና እኔ ወረድኩ። ማሽኑ እስኪጨርስ ወንበር ላይ ልረፍ አልኩ። የቀሰቀሰችኝ ቀጣዩን ሰዓት የያዘች ጎረቤታችን ናት። ልብሳችንን አውጥታ፣ አጣጥፋ ቅርጫት ውስጥ ከታልኛለች። አልተቆጣችም። ፊቴን አየችና "ታመሃል እንዴ?" አለችኝ። "አይ፣ ጨለማው ነው" አልኳት። እዚህ አገር ክረምት ላይ የሚደርስብንን ሁሉ የምናሳብበው በጨለማው ነው።

በጥር ወር ወይንሸት ገፋፍታኝ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ፣ ቮርድሴንትራል ሄድኩ። ሰው በሞላው መጠበቂያ ክፍል ካፖርቴን ያላወለቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። የተቀበለኝ ለጥቂት ሳምንታት ሌላ ሐኪም ተክቶ የሚሠራ ወጣት ሐኪም ነው፤ ትሑት ልጅ ነበር። ልቤን አዳመጠ፤ ደም አስቀዳኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ። ቫይታሚን ዲ አንሶሃል፣ ይህን ግዛና ውሰድ ይላል። ሌላው በጠቅላላው ደህና ነው ይላል። ደስ ብሎኝ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ቫይታሚኑንም አንድ ቀን ሳላዛንፍ ወሰድኩ።

ከዚያ ፀደይ ገባ። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ደረጃ ላይ ሲቀመጥ እኔ የሱፍ ኮፍያዬን እንዳጠለቅኩ ነበርኩ። በጨለማው ማሳበብ አበቃ። ፊቴ ጠዋት ጠዋት ያብጣል። ሳልበላ ክብደቴ ይጨምራል። ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ሪንከቢ ያለው ኤርትራዊ ወዳጄ፣ ቅንድቤን ከዳር በኩል እየዳሰሰ "ይሄን ደግሞ ማን ላጨብህ?" ብሎ ቀለደብኝ። ለካ ራሱ እየረገፈ ነበር። ድምፄም ጎርነን፣ ቀስ አለ። ስናገር ምላሴ አፌ ውስጥ የከበደ ይመስለኝ ነበር።

ወደዚያው ጤና ጣቢያ ተመለስኩ። ወጣቱ ሐኪም ሄዷል፤ ሌላ ሐኪም ነበረች። ስለ እንቅልፌ ጠየቀችኝ፣ ስለ ትዳሬ ጠየቀችኝ፣ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ።

"ስለ አገርህ ሁኔታ ትጨነቃለህ?"

"የማይጨነቅ አለ?" አልኳት።

ይህንን ጻፈች። "አላዘንኩም እኮ፣ ደክሞኝ ነው" ብላት፣ አንዳንዴ አእምሮ ሲያዝን ደከመኝ የሚለው ሰውነት ነው አለችኝ። ነገሩ እውነትነት ስላለው ተከራክሬ አልቀጠልኩም። ለድባቴ የሚሰጥ ኪኒን አዘዘችልኝና ወሰድኩ። መድኃኒቱን አልወቅስም፤ ስንቱን ሰው ከአልጋ አንሥቷል። የእኔ ሕመም ግን ያ አልነበረም። ቀጥሎም እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ይቆረጥ እንደሆነ የሚለካ መሣሪያ ሰጥተውኝ ጣቴና አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ቤቴ ተኛሁ። ውጤቱ ደህና ሆነ። በየጊዜው "ደህና ነህ" ስባል እየፈራሁ መጣሁ። ደህና ከሆንኩ፣ ይሄ ሁሉ እኔው ራሴ ነኝ ማለት ነው።

ቤታችን ውስጥ ወሬ ጠፋ። እሁድ ቅዳሴ መቆም አቃተኝና ወይንሸት ብቻዋን መሄድ ጀመረች። ክርስትና ስንጠራ "አንቺ ሂጂ" እላታለሁ። ሰው "ጌታነህስ?" ሲላት የምትመልሰው አልቆባታል። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ጌታነህ፣ በእኔ ቅር ያለህ ነገር ካለ ንገረኝ።"

"ምንም የለም። ደክሞኝ ነው።"

"ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ?"

የጃኬቴን ዚፕ ወደ ላይ ሳብኩ። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ያን ጊዜ ይበልጥ የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፤ መልስ ለመፈለግ እንኳ አቅም ማጣቴ ነው።

ሁሉንም የለወጠው በሚያዝያ አንድ ጠዋት የሆነው ነው። ወደ ቬሊንግቢ የሚሄደውን አውቶቡስ እየነዳሁ ነበር። መጀመሪያ አንድ ፌርማታ አለፍኩ። ደወሉ ተደውሏል፤ ሰምቼዋለሁም፤ ግን ድምፁና እግሬ አልተገናኙም። አንዲት ሴትዮ "እዚህ ነበር እኮ የምወርደው!" አሉ ከኋላ። ይቅርታ ጠይቄ ቀጣዩ ላይ አወረድኳቸው። ትንሽ እንደሄድኩ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ አንድ አባት የሕፃን ጋሪ እየገፋ ወጣ። አየሁት። ማየቴን አውቃለሁ። ፍሬን የረገጥኩት ግን ካየሁት ብዙ ቆይቼ ነው። አውቶቡሱ ከጋሪው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። ሰውየው ጋሪውን ወደ ራሱ ስቦ አየኝ። አልተሳደበም።

መጨረሻው ፌርማታ ደርሼ ተሳፋሪዎቹ እስኪወርዱ ጠበቅኩ። ከዚያ የስምሪት ክፍሉን በሬዲዮ ጠራሁ።

"ሰው ላኩልኝ" አልኩ። "ከዚህ በኋላ አልነዳም።"

"ተጋጨህ?"

"አልተጋጨሁም። እንዳልጋጭ ነው።"

የተካኝ ጆአን የሚባል ከኢራቅ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ወንበሩን ስለቅለት ትከሻዬን ይዞ "ጥሩ አደረግህ ወንድሜ" አለኝ። እኔ ግን እያፈርኩ ነው የወረድኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ስነዳ አንድ ቀን ሥራ አቋርጬ አላውቅም። አለቃዬ በዚያው ቀን አነጋገረኝ፤ ሐኪም በጽሑፍ እስኪፈቅድልኝ ድረስ መሪ እንዳልይዝ ተስማማን። መንጃ ፈቃዴን ብነጠቅስ? በዚህ ዕድሜ ምን ሥራ እጀምራለሁ? ይህን እያሰብኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ላለችው ታላቅ እህቴ ደወልኩ። በመልእክት እንጂ በድምፅ ከተገናኘን ወራት አልፈው ነበር።

"ማን ልበል?" አለች።

"እኔ ነኝ እትዬ መንበረ። ጌታነህ ነኝ።"

"ጌታነህ አይደለህም። ስልኩን ለጌታነህ ስጠው።"

"እኔው ነኝ እኮ!"

ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። "ብርድ ብርድ ይልሃል?"

"ይለኛል።"

"ፊትህስ ያብጣል ጠዋት?"

"አዎ።"

"ሆድህስ ይደርቃል?"

"እትዬ!"

"መልስልኝ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሃል? ሽንት ጨርቅህን የቀየርኩልህ እኔ አይደለሁም?"

ይደርቃል አልኳት። እህቴ ከብዙ ዓመት በፊት እንቅርት ወጥቶባት በቀዶ ጥገና ተወግዶላታል፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ኪኒን ትወስዳለች። አንድ ጊዜ ኪኒኑ ከከተማው ጠፍቶ ሳለ፣ ድምጿ ልክ እንደ እኔ ጎርንኖ፣ ሰውነቷም ልክ እንዲሁ ሆኖ እንደነበር ነገረችኝ።

"አንገቴ እኮ አላበጠም" አልኳት።

"ሳያብጥም ይታመማል። እንቅርቴን መርምሩልኝ በላቸው።"

ወዲያው ጤና ጣቢያው ደወልኩ። ስልክ ላይ ያለችው ነርስ መዝገቤን አይታ ታይሮይድ አምና ጥር ላይ ተመርምሮልሃል፣ አሁን ሐኪም ማየት ከፈለግህ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው አለችኝ። ታይሮይድ ማለት እንቅርት የሚወጣበት፣ አንገት ላይ ያለው ዕጢ ነው። ተመርምሮ ከሆነ እንግዲህ ምን ይባላል? አመሰግናለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ሶስና አጠገቤ ሆና ስትሰማ ነበር። "ውጤቱን አይተኸዋል?" አለችኝ በስዊድንኛዋ። አላየሁትም። እዚህ አገር ማንም ሰው የሕክምና መዝገቡን በኢንተርኔት ገብቶ ማንበብ ይችላል፤ እኔ ግን አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም ነበር። በስልኬ ገባንና ማንበብ ጀመረች። ወጣቱ ሐኪም ከጻፈው ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ፓፓ፣ ደገሙልህ?"

"ምኑን?"

ቀስ ብላ አነበበችልኝ። የታይሮይዱ ልኬት በመጠኑ ከፍ ያለ ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ይደገም ይላል። ሁለት አጭር መስመር ነው። ሐኪሙ ጽፎት ሄዷል፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሰው አላየውም፤ ለእኔ በተላከው ደብዳቤ ላይም አልነበረም። ከተጻፈ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል።

ልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "ይሄ ነውር ነው!" አለች። በአማርኛ ነው ያለችው። ደንግጬ አየኋት። "ነውር ነው! አባቴን ሰነፍ አደረጉት!" እኔን ማንም ሰነፍ ብሎኝ አያውቅም። ለካ እሷ፣ ቤት ውስጥ ሁላችንም ሳንናገረው የምናስበውን ሰምታዋለች።

መልሳ ጤና ጣቢያው ደወለች። እኔ ሠላሳ ዓመት ኖሬ የማልችለውን ስዊድንኛ ነበር የተናገረችው፤ ጨዋ፣ ቀጥተኛ፣ የማይገፋ። የጽሑፉን ቀን ጠቀሰች፤ አባቴ አውቶቡስ ነው የሚነዳው አለች። ቀጠሮው በሁለት ቀን ውስጥ ሆነ።

ያየችኝ ሐኪም እዚያው ቋሚ የሆነች፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ከኮምፒውተሩ በፊት እኔን አየችኝ። እጄን ዘርግቼ እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ ደረቁን ቆዳዬን ዳሰሰች። ከኋላዬ ቆማ አንገቴን እየነካች ውኃ እንድውጥ አደረገችኝ። ወንበር ላይ አንበርክካኝ ቁርጭምጭሚቴን ከኋላ በትንሿ መዶሻ መታችው። እግሬ ዘለለና ቀስ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ያንን ስታይ "አሃ" አለች።

"ይህ መታየት የነበረበት አምና ነው" አለችኝ። "ስሕተቱ የእኛ ነው። ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ እንዴት እንደታለፈም በጽሑፍ አሳውቃለሁ።"

ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሰው በቀጥታ ዓይንህን አይቶ ይቅርታ ሲልህ ግን ንዴቱ የሚይዘው ቦታ ያጣል።

በማግስቱ ራሷ ደወለች። ልኬቱ አሁን በመጠኑ ሳይሆን እጅግ ከፍ ያለ ነው። ዕጢው እየተዳከመ ስለሄደ፣ ሰውነት የሚሠራበትን ቅመም፣ ሆርሞኑን፣ አያመነጭም ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ደግሞ ሰውነትን የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የራሱን ዕጢ እንደ ጠላት መውጋቱ ነው። "አንተ ሹፌር ስለሆንክ ይገባሃል" አለችኝ፤ "ሞተሩ ደህና ነው፤ ነዳጅ የሚሰጠው ፔዳል ነው የተበላሸው።" በሴቶች ላይ ይበዛል እንጂ ወንድም ይታመማል፤ ወንድ ላይ ሲሆን የሚጠረጥረው ሰው ጥቂት ነው።

"ይድናል?" አልኳት።

"አይድንም። ግን ይስተካከላል። ኪኒኑን ዕድሜህን ሙሉ ትወስዳለህ።"

ወይንሸት ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ጠበቅኳት። "በሽታ ነው" አልኳት።

"የምርህን ነው? በሽታ ነው?"

"በሽታ ነው።"

"ተመስገን አምላኬ!" አለችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ምን እንዳለች ያኔ ነው የገባት። ከስንት ጊዜ በኋላ አብረን ሳቅን።

መዳን ግን እንደ ወሬው አልፈጠነም። ኪኒኑ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ቁርስ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሁለት ሳምንት አልፎ ምንም ለውጥ ሳጣ ትዕግሥቴ አለቀና በራሴ ፈቃድ ሁለት ሁለት መዋጥ ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን ልቤ ደረቴን ሊሰብር ደረሰ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሐኪሟ ስትሰማ እንደ ሕፃን ነው የተቆጣችኝ። መጠኑ በየጥቂት ሳምንቱ በደም ምርመራ እየታየ የሚጨመር ነው። ይህን ሞኝነቴን የምጽፈው ማንም እንዳይደግመው ነው።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ካልሲዬን ቆሜ አጠለቅኩ። ሦስተኛው ወር ላይ የአውቶቡስ ፌርማታ ስደርስ ጃኬቴን ቤት እንደረሳሁ አወቅኩ። ድምፄ ተመለሰ፤ እትዬ መንበረም "አሁን ጌታነህ መጣ" አለች። የፍልሰታ ጾም ሲገባ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። ኪኒኑን በውኃ ስውጥ ጾሜን መሻሬ ነው? የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው።

"አባ፣ ከጸበሉ ጋር ላድርገው ወይስ ልተወው?"

"እንዳትተወው ልጄ" አሉኝ። "መድኃኒት እንጂ ቁርስ አይደለም። ጸበሉንም ጠጣ፣ ኪኒኑንም ዋጥ። ሁለቱም የእሱ ናቸው።"

በመስከረም ሐኪሟ መንዳት እንደምችል በጽሑፍ አረጋገጠች። የመጀመሪያው ጠዋት ያንኑ መስመር ሰጡኝ። እግረኛ ማቋረጫው ጋ ስደርስ እግሬ ከሐሳቤ ቀድሞ ፍሬን ላይ ነበር።

ሐኪም አይደለሁም። የደከመው ሁሉ ታይሮይድ አለበት አልልም፤ ሌላ መድኃኒት የታዘዘለትም በእኔ ወሬ እንዳያቋርጥ አደራ። የምለው ይህንን ነው። "ደህና ነው" ስትባሉ ምን ተለካ፣ ስንት ሆነ፣ የሚደገም አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪም ሲቀያየር የእናንተን ነገር የሚያስታውሰው እናንተው ብቻ ናችሁ። መዝገባችሁን አንብቡ፤ ስዊድንኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁ አሉ፤ ማፈር የለም። መሪ የምትይዙ ደግሞ፣ እግራችሁ ዓይናችሁን መስማት ካቆመ ዛሬውኑ ውረዱ። እኔ ያፈርኩበት ቀን ነው ያዳነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ባለፈው እሁድ ከወይንሸት ጋር በሄሰልቢ የሐይቁን ዳር ይዘን ስንሄድ ቆም አለች።

"አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቆጣ።"

"እሺ።"

"ያን ጊዜ፣ ከመታወቁ በፊት፣ ሁስቢ ሰፈር ቤት አይቼ ነበር። የሚከራይ። ለብቻዬ።"

ውኃውን አየሁ። አልተቆጣሁም። አንድ ዓመት ተኩል ጃኬት ለብሶ ሶፋ ላይ ከተቀመጠ ሰው ጋር መኖር ምን እንደሚመስል ማሰብ የምችልበት አቅም አሁን አለኝ።

"ስንት ክፍል ነው?" አልኳት።

"አንድ።"

"ለሁለታችን ይጠበን ነበር።"

ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። እጇን ይዤ ወደ ቤታችን የሚወስደውን ዳገት ጀመርን። መሃሉ ላይ እጇን ከእጄ አወጣችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ኧረ ጌታነህ፣ ቀስ በል!" አለችኝ እያለከለከች።